የ22 ወር ልጅ ከደለስ እስከ ቦሌ፦ በእቅፍ ወይስ በራሱ ወንበር?

ጥያቄ፦ የአንድ ልጅ እናት፣ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ለጥምቀት ከልጄ ጋር ከዋሽንግተን ደለስ ወደ አዲስ አበባ ለመጓዝ አስበናል፤ የምንመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጄ ስንነሳ 22 ወር ይሆነዋል፤ ክብደቱ 12 ኪሎ ነው፤ መራመድ ከጀመረ ወዲህም ታቅፎ መቀመጥ አይወድም። ለሚታቀፍ ሕፃን የሚከፈለው ከአዋቂ ቲኬት 10 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ባለቤቴ ሌላ ወንበር መግዛቱ አስፈላጊ አይመስለውም። እናቴም በስልክ «በአንቀልባ ጥብቅ አድርገሽ ካዘልሽው ምን ይሆናል?» ትለኛለች። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ሰዓት በረራ ውስጥ አውሮፕላኑ ድንገት ቢናወጥ ልጄን በእጄ ይዤ ማቆየት መቻሌን እጠራጠራለሁ። የመኪና መቀመጫውን ይዞ መግባት ይቻላል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ በበረራ አስተናጋጅነት የሠራሁ

እህቴ፣ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ፍጥነቱ በድንገት ቢገታና ግፊቱ የስበትን ኃይል 9 እጥፍ ቢያህል፣ 12 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ ለዚያች ቅጽበት ከ100 ኪሎ በላይ ይከብዳል፤ ይህን የሚይዝ ክንድ የለም። እንዲህ ያለው አደጋ እምብዛም አያጋጥምም። የአየር መናወጥ ግን በማንኛውም በረራ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ በጠራ ሰማይ የሚነሳው ዓይነት ደግሞ በአብራሪዎቹ ራዳር ላይ ስለማይታይ፣ ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት ሳይበራ ሊደርስ ይችላል። አውሮፕላኑ በድንገት ዝቅ ሲል ያልታሰረ ሰውም ዕቃም ወደ ጣሪያው ይወረወራል።

አንቀልባው ለኤርፖርቱ ወረፋ እጅግ ይጠቅማል፤ ይያዙት። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ግን የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ልጅን በማዘያ አስሮ መቀመጥን አይፈቅድም፤ በጀርባ ከሆነ ልጁ በእናቱና በወንበሩ መካከል ይጨመቃል፣ በደረት ከሆነ ደግሞ እናቱ ወደ ፊት ስትታጠፍ በክብደቷ ትጫነዋለች። በዚሁ ምክንያት ልጁን በራስዎ ቀበቶ ውስጥ አብረው እንዳያስሩት አደራ እላለሁ። ይህን የሚያደርጉ ወላጆችን በሥራዬ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም እደነግጥ ነበር።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

በአውሮፓ አየር መንገዶች ለሚታቀፍ ሕፃን ከወላጁ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ተጨማሪ ቀበቶ ይሰጣል፤ አሜሪካ ግን ይህን ትከለክላለች። ልጁ ከወላጁ እቅፍ ተነጥቆ እንዳይወረወር ያግደዋል፤ የወላጁ ክብደት በሆዱ ላይ እንዳያርፍ ግን አያደርግም። ስለዚህ ቢሰጥዎትም የወንበርን ያህል አይመኑበት።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

የመኪና መቀመጫውን ይዞ መግባት ይቻላል፤ ለልጁ ወንበር እስከተገዛ ድረስ። በመጀመሪያ ለመኪናም ለአውሮፕላንም መፈቀዱን የሚገልጽ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ምልክት እንዳለበት ያረጋግጡ። ስፋቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ በአብዛኞቹ ወንበሮች ላይ ይገባል። የሌላውን ተሳፋሪ መውጫ እንዳይዘጋ በመስኮቱ በኩል ይደረጋል፤ በአደጋ ጊዜ መውጫ ረድፍም ሆነ ከዚያ ፊትና ኋላ ባሉት ረድፎች አይፈቀድም። የሚታሰረው በአውሮፕላኑ ቀበቶ ብቻ ስለሆነ፣ ቀበቶው በየት በኩል እንደሚያልፍ ቤት ሳሉ ከመመሪያው ላይ ቢያዩት በአውሮፕላኑ ውስጥ ከመጨናነቅ ይድናሉ። ትልልቅ ልጆች በመኪና ውስጥ ከፍ ብለው የሚቀመጡበት፣ የራሱ ማሰሪያ የሌለው መደላድል ግን በመነሻና በማረፊያ ጊዜ አይፈቀድም፤ የአውሮፕላን ቀበቶ የትከሻ ማሰሪያ የለውምና።

መቀመጫውን መሸከም ከከበደዎት ኬርስ የሚባል፣ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ተጠምጥሞ የልጁን ሁለት ትከሻ የሚይዝ ቀላል ማሰሪያ አለ። ኤፍኤኤ የፈቀደው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝኑና ቁመታቸው ከ100 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ልጆች ስለሆነ ለልጅዎ ይሆናል። እኔ ግን የመኪናውን መቀመጫ እመርጣለሁ። ልጁ የለመደው ስለሆነ ያለ ብዙ ለቅሶ ይቀመጥበታል፣ ይተኛበታልም፤ ከዚያም በላይ ከቦሌ የሚወስዳችሁ ታክሲ የሕፃን መቀመጫ ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የትኛውንም ቢመርጡ አስቀድመው ለአየር መንገዱ ጽፈው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ይህን አንብቦ «ይህን ያህል የሚያሰጋ ከሆነ ሕጉ ለምን ይፈቅዳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ፦ በበረራ አስተናጋጅነት የሠራሁ

ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1989 በአዮዋ ግዛት፣ ሱ ሲቲ ላይ በተከሰከሰው የዩናይትድ 232 በረራ ውስጥ ወንበር ያልተገዛላቸው አራት ሕፃናት ነበሩ። በወቅቱ በነበረው መመሪያ መሠረት ወላጆች ሕፃናቱን ወለል ላይ አስቀምጠው እንዲይዟቸው ተነገራቸው፤ ከአራቱ አንዱ ሞተ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ1990 ሁሉም ሕፃናት በራሳቸው መቀመጫ እንዲታሰሩ ሐሳብ አቀረበ። ኤፍኤኤ ግን በ2005 ይህን ላለማስገደድ ወሰነ፤ ቲኬት ግዙ የተባሉ ቤተሰቦች አውሮፕላኑን ትተው በመኪና ቢጓዙ በመንገድ ላይ የሚሞተው ሰው ይበልጣል የሚል ነበር ምክንያቱ። ያም ሆኖ ወላጆች ልጃቸውን በተፈቀደ መቀመጫ እንዲያስሩ እስከ ዛሬ አጥብቆ ይመክራል። ለባለቤትዎ ሊነግሯቸው የሚገባው ይህ ስሌት የተሠራው በመኪና መሄድን አማራጭ ላደረገ ቤተሰብ መሆኑን ነው። ከሜሪላንድ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ አማራጭ የለም፤ ስለዚህ ሕጉ የፈቀደበት ምክንያት እናንተን አይመለከትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፋሲካ በኋላ ስትመለሱ ልጁ ሁለት ዓመት ሞልቶት ስለሚሆን ለመልሱ ጉዞ በማንኛውም ሁኔታ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል፤ የሚታየው በእያንዳንዱ የበረራ ቀን ያለው ዕድሜ ነውና። ቲኬቱን ስትቆርጡ የልደት ቀኑን በትክክል አስመዝግባችሁ፣ የደርሶ መልሱን ዋጋ በልጅ ሒሳብ ጠይቁ፤ ተጨማሪው ወጪ በመሄጃው ላይ ብቻ ስለሆነ ባለቤትዎ ከገመቱት ያነሰ ሊሆን ይችላል።