መንፈሳዊ ጉዞን የሚገልጽ ዘመናዊ ዳንስ እንዴት ይቀናበር?

ጥያቄ፦
ለ5 ዳንሰኞች የሚሆን የ12 ደቂቃ ዘመናዊ ዳንስ በማቀናበር ላይ ነኝ። ጭብጡ ከጥርጣሬ ተነሥቶ ወደ እምነት የሚያመራ ሰው መንፈሳዊ ጉዞ ነው። ይሁን እንጂ የልምምዱን ቪዲዮ ስመለከት ዳንሰኞቹ እጃቸውን ወደ ላይ ከመዘርጋትና ከመንበርከክ ያለፈ ነገር ሲያሳዩ አላየሁም፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም አንድ ዓይነት ሆኖብኛል። ሥራው ቃል አልባ ድራማ ሳይሆን ጉዞውን በእንቅስቃሴ ለመግለጽ ምን ባደርግ ይሻላል?

የመጀመሪያ መልስ፦
እጅ መዘርጋቱ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ከትከሻ ብቻ መነሣቱ ነው። የአሜሪካዊቷ የዘመናዊ ዳንስ ፈር ቀዳጅ የማርታ ግራሃም ስልት የተመሠረተው በትንፋሽ ላይ ነው፤ አየር ሲወጣ ሆድና ዳሌ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ አየር ሲገባ ይለቀቃሉ፣ እጅና እግር ደግሞ ያንን ተከትለው ይንቀሳቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1930 ባቀረበችው «ላሜንቴሽን» በሚለጠጥ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ከሞላ ጎደል ሥራውን በሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ሐዘንን ገልጻለች። እርስዎም ለአንድ ሳምንት ጸሎትን የሚያስታውስ ምልክት ሁሉ ከልምምዱ ያስወጡ። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ነገር ጥቂት ቢሆንም የእርስዎ ነው።

ሁለተኛ መልስ፦
እኔ ደግሞ ከክብደት እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ሌላዋ አሜሪካዊት የዳንስ አቀናባሪ ዶሪስ ሃምፍሪ ዳንስን ያየችው በመውደቅና ተመልሶ በመነሣት መካከል እንዳለ እንቅስቃሴ ነው፤ ለእርስዎ ጭብጥ ከዚህ የሚቀርብ ሐሳብ አላውቅም። አንዲት ዳንሰኛ መድረኩን ከጥግ እስከ ጥግ እንድትሻገር ያድርጉ። በመጀመሪያው ጊዜ ትንፋሿን ይዛ፣ ተረከዟን ከማሳረፏ በፊት በእግር ጣቶቿ ወለሉን እየዳሰሰች፣ መሬቱ ይሸከመኝ ይሆን እንደምትል ሰው ትሂድ። በመጨረሻው ክፍል ያንኑ እርምጃ በዚያው ቆጠራ ስትደግመው እግሯ ሙሉ ክብደቷን ይዞ ይረፍ። ተመልካቹ ለውጡን የሚያየው እንቅስቃሴው ስላልተለወጠ ነው።

ሦስተኛ መልስ፦
በሁለቱም እስማማለሁ፤ ነገር ግን የቀሩትን አራት ዳንሰኞች አትርሱ። አሜሪካዊው የዳንስ አቀናባሪ አልቪን ኤይሊ እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው «ሬቨሌሽንስ» የሚከፈተው ተጠጋግተው በቆሙ ዳንሰኞች ሲሆን፣ የሐዘኑ ክብደት የሚሰማው በዚያ መጠጋጋት ነው። በእርስዎም ሥራ ቡድኑ አንድ ጊዜ ተጓዧን ይሸከማት፣ ሌላ ጊዜ መንገድ ይዝጋባት። ሙዚቃውንም ቢያንስ በሁለት ልምምዶች ያጥፉት፤ ስሜቱን ዜማው ብቻ ተሸክሞት ከነበረ ወዲያውኑ ይታወቃል (እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ በትዕይንቱ ዋዜማ ነበር)። በመጨረሻም ጥርጣሬው ፈጽሞ እንዲጠፋ አታስገድዱት።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያለ ሙዚቃ ስንሞክረው 4 ደቂቃ የሚሆነው ባዶ ሆኖ ስላገኘሁት ቆርጬዋለሁ። የእግር ጉዞው ግን ሠርቷል፤ በሁለተኛው መሻገር ዳንሰኛዋ መሀል ላይ ቆማ አንድ ጊዜ በጣቷ ወለሉን ዳሰሰች። እኔ አላዘዝኳትም፤ ግን በሥራው ውስጥ እንዲቆይ አድርጌዋለሁ።