የአባቴ ቮልስ አልነሳ አለችኝ

ጥያቄ፦ የ1967 እ.ኤ.አ. ቮልስ 1300 ናት። ክረምቱን ሙሉ ቆማ ከረመች። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራታል፣ ባትሪው አዲስ ነው፣ ቤንዚንም ካርቡራተሩ ጋ ይደርሳል። ግን አትነሳም። አባቴ በሕይወት እያለ አንዴ ቁልፍ ሲያዞር ነበር የምትነሳው። ምን ልይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅድሚያ ብልጭታ መኖሩን እይ። አንድ ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠውን) ፍታ፣ ገመዱ ላይ ሰክተህ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነካ፣ ሰው ያዙርልህ። ቤንዚን የነካው ጨርቅ አጠገብህ እንዳይኖር፣ አደራ!

መልስ፦ ብልጭታ ከሌለ ካርቡራተሩን አትንካ። እርጥበት ላይ የቆመች ቮልስ ፑንቲናዋ (ኤሌክትሪኩን እየከፈተና እየዘጋ ብልጭታ የሚያስነሳው ትንሽ ብረት) ይዝጋል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽተህ ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር አድርገው።

ጠያቂው፦ ብልጭታ አልነበረም! የፑንቲናው ጫፍ አመድ የመሰለ ነገር ለብሶ አገኘሁት። ጠርጌ ለካሁት፣ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ተነሳች። እናቴ ድምፁን ሰምታ እጇ ሊጥ እንደሆነ ከማድቤት ወጣች። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሞቼ።