ባንኩ ለቁጠባዬ 7 በመቶ ይከፍለኛል፣ ለብድር 18 ይጠይቀኛል፤ ልዩነቱ የት ነው የሚሄደው?

የቱሉ ዲምቷ

ሰላም ለሁላችሁም። ቱሉ ዲምቱ ነው የምንኖረው። እኔና ባለቤቴ ወደ ገላን መውጫ አካባቢ ትንሽ የብሎኬት ማምረቻ አለችን። በዚህ በኩል ግንባታ ስለማይቆም ሥራ ሞልቷል፣ ግን ማሽናችን አርጅቶ የሚጠየቀውን ያህል ማውጣት አልቻልንም። ለአዲስ ማሽን ብለን 400 ሺህ ብር ቁጠባ ላይ አስቀምጠናል። ወለዱ 7 በመቶ ነው። የጎደለንን 300 ሺህ እዚያው ባንክ ሄደን በሦስት ዓመት የሚመለስ ብድር ብንጠይቅ 18 በመቶ አሉን፣ እሱም ማስያዣ ካላችሁ ነው።

ያስቀመጥኩት የኔ ብር ነው። የሚያበድሩኝም የኔንና የመሰሎቼን ብር ነው። ታዲያ በመሀል ያለው 11 በመቶ የት ነው የሚገባው? ዕቃው ሁሉ በየጊዜው እየጨመረ ይሄ 7 ለምን ንቅንቅ አይልም?

ሁለተኛ ጥያቄዬ፣ አንድ ማይክሮ ፋይናንስ ጠይቀን «16 በመቶ ነው፣ ፍላት» አሉን። ከ18 ስለሚያንስ ባለቤቴ እሱን እንውሰድ ይላል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም፣ ግን ምክንያቱን ማስረዳት አቃተኝ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በቀላሉ አስረዱኝ።

ክሬዲት ክፍል የሠራ

እህቴ፣ ባለቤትሽ ከመፈረሙ በፊት ሁለተኛው ጥያቄሽ ይቅደም።

ፍላት ማለት ወለዱ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ብድር ላይ ይታሰባል ማለት ነው። ግማሹን ከፍለሽ ጨርሰሽም ቢሆን የ300 ሺህ ወለድ ትከፍያለሽ። 16 በመቶ በዓመት 48 ሺህ ነው፣ በሦስት ዓመት 144 ሺህ። የባንኩ 18 በመቶ ግን በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜም እንደዚያ ነው፣ ዕዳው በየወሩ ሲቀንስ ወለዱም አብሮ ይቀንሳል። ሒሳቡን ሠራሁልሽ፦ በወር 10,846 ብር ገደማ ትከፍያለሽ፣ የሦስት ዓመቱ ወለድ ደግሞ 90 ሺህ አካባቢ ይሆናል። በፍላቱ ወርሃዊው 12,333 ነው። ስለዚህ ያ «16» የተባለው 54 ሺህ ብር ያህል አብልጦ ያስከፍልሻል። በቀሪ ዕዳ ስሌት ቢቀየር ከ27 በመቶ በላይ ነው። የሚያበድር ሰው የመቶኛ ቁጥር ሲነግርሽ ሁልጊዜ «በቀሪው ዕዳ ነው ወይስ በመጀመሪያው?» ብለሽ ጠይቂ። የወር በወር የክፍያ ሰንጠረዡን በወረቀት አትመው ይስጡሽ። አንሰጥም ካሉ ጥለሽ ውጪ። የአገልግሎት ክፍያ፣ የንብረት ግምት ክፍያና ኢንሹራንስም አለ፣ እነሱንም ደምሪ።

አሁን ወደ 7 በመቶው። ይሄ ብሔራዊ ባንክ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ወለል ነው፣ ከዚህ በታች መክፈል አይቻልም። ለዓመታት 5 ነበር። ጥቅምት 2010 ብር ከዶላር አንጻር 15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግ አብሮ ወደ 7 ወጣ። ከ7 በላይ መክፈልን የሚከለክል የለም። ባንኮቹ ግን ወለሉን እንደ ጣሪያ ያዙት፣ ምክንያቱም አብዛኛው ቆጣቢ አይጠይቅም፣ አይደራደርም፣ ደሞዙም የሚገባው እዚያው ነው። የብድሩን ወለድ ደግሞ ባንኩ ራሱ ነው የሚወስነው። ለኤክስፖርት ዝቅ ያደርገዋል፣ ለሀገር ውስጥ ንግድና ለግል ብድር ከፍ ያደርገዋል።

11 በመቶው ሙሉ በሙሉ ትርፍ አይደለም፣ ይሄንን በሐቅ ልንገርሽ። ከተቀማጩ የተወሰነው ብሔራዊ ባንክ ዘንድ መቀመጥ አለበት፣ እሱ ለብድር አይሰጥም። የቅርንጫፍ ኪራይ አለ፣ የሠራተኛ ደሞዝ አለ፣ ተበድሮ የማይመልስም አለ። ከዚያ በላይ ግን ለብዙ ዓመታት የግል ባንኮች ለመንግሥት በርካሽ እንዲያበድሩ ይገደዱ ነበር። ከ2003 እስከ 2012 ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ቢል (የዕዳ ሰነድ ማለት ነው) ይገዙ ነበር። ወለዱ መጀመሪያ ላይ 3 በመቶ ነበር፣ ማለትም ለቆጣቢ ከሚከፍሉት ያነሰ! ያ ቀርቶ ትንሽ ቆይቶ በ2015 ደግሞ ከአዲስ ብድር 20 በመቶውን ያህል የግምጃ ቤት ቦንድ ግዙ ተባሉ። እዚያ ላይ ያጡትን ከየት ያምጡት? ካንቺና ከኔ ነው። ቆጣቢው ላይ አንሰው ይከፍላሉ፣ ተበዳሪው ላይ ጨምረው ይጠይቃሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ሸክሙ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው መደራደር በማይችለው ላይ ነው።

የለገጣፎ ብረት

ከላይ ወንድሜ በደንብ አስረድቷል። እኔ የምጨምረው ገንዘብ ቁጭ ሲል ምን እንደሚሆን ነው፣ ምክንያቱም ነጋዴ ነኝና በየቀኑ አየዋለሁ።

400 ሺህሽ በዓመት 28 ሺህ ይወልዳል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ስለሚቆረጥ 26,600 ይቀርሻል። የዋጋ ንረቱ በ2017 ረገብ አለ ሲባል እንኳን ከ13 በመቶ በታች አልወረደም። በ13 ብናስበው የዛሬውን 400 ሺህ የሚያክል ዕቃ ለመግዛት ከዓመት በኋላ 452 ሺህ ያስፈልግሻል። አንቺ ያለሽ 426,600 ነው። ከ25 ሺህ በላይ ሄደ፣ ማንም ኪስሽ ሳይገባ። ግንቦት 2014 ላይ ንረቱ 37 በመቶ ደርሶ የነበረ ጊዜ የቆጠበ ሰው ምን እንደደረሰበት አስቢው። ያኔም ወለዱ 7 ነበር!

ስለዚህ ማሽኑን የምትገዙት ከሆነ አታዘግዩ። ግን ገንዘቡን ወደ ዕቃ ልቀይረው ብለሽ ሲሚንቶ እንዳትከምሪ፣ እርጥበት ሲያገኘው ይጋግራል፣ በተለይ በክረምት። ብረት ይሻላል፣ እሱም ጣራ ስር።

እቁብ ካላችሁ ደግሞ ይሄን ልብ በይ። እቁብ ወለድ የለውም ይባላል። ቀድሞ ለደረሰው ግን ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው፣ መጨረሻ ለሚደርሰው ደግሞ ያለ ወለድ የተሰጠ ቁጠባ ነው። ንረት ባለበት ጊዜ መጨረሻ መውጣት ያከስራል። ማሽኑን የምትፈልጉት አሁን ስለሆነ ቀድሞ ከወጣለት ሰው ጋር ዕጣ መቀያየር የሚቻል ከሆነ ሞክሪ፣ በኛ በኩል ሰው እንዲህ ሲያደርግ አያለሁ።

ኮዬ ፈጬ ብሎክ

ሁላችሁም ስለ ወለድ ነው የምታወሩት። ለኛ በከተማው ዳር ላለን ሰዎች ትልቁ ግድግዳ ግን ማስያዣው ነው። 18 በመቶም ቢሆን እሺ ብለህ ስትሄድ «ካርታ አምጣ» ትባላለህ። ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው የቤቱን ዕዳ ገና እየከፈለ ነው፣ ቤቱ ቀድሞውኑ ተይዟል። ከገበሬ የገዛ ካርታ የለውም። የማኅበር ቤት የያዘ ካርታው ገና በማኅበሩ ስም ነው። የተከራየማ ምኑን ያስይዛል? መሀል ከተማ አንድ ሕንፃ ያለው ሰው ግን በአንድ ካርታ ደጋግሞ ይበደራል። እኔና እሱ አንድ አይነት ቆጣቢ ነን፣ አንድ አይነት ተበዳሪ ግን አይደለንም።

አንድ የሚጠቅም ነገር ልንገርሽ። በ2011 የወጣ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1147። ማሽን፣ መኪና፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ፣ ከብት ሳይቀር ማስያዝ ይቻላል፣ መያዣውም ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ይመዘገባል። ቅርንጫፍ ላይ ያለው ሠራተኛ ላያነሳልሽ ይችላል፣ አንቺ አንሺው። ከዚህ ሌላ የሊዝ ፋይናንስ አለ፣ ልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች ይሠራበታል። እዚያ ማሽኑን እነሱ ይገዙልሻል፣ ከፍለሽ እስክትጨርሺ ማሽኑ የነሱ ነው። ስለዚህ ቤት አስይዙ አትባሉም፣ እናንተ ከዋጋው የተወሰነ ድርሻ ታዋጣላችሁ። ብሎኬት ማምረት ለዚህ የሚሆን ሥራ ይመስለኛል፣ ሄደሽ ጠይቂ።

አባ መላ ዘቃሊቲ

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፣ በቁጠባ ወለድ ነው የምደጎመው፣ ስለዚህ 7 በመቶው ከናንተ ይልቅ እኔን ያመኛል። ነገር ግን «ወለዱን ከፍ ያድርጉ» ስንል ነገ ብሎኬት አምራቹ ላይ 18ቱ 25 እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሁለቱን በአንድ ላይ ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም። ባለሙያው ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ክሬዲት ክፍል የሠራ

አባባ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። ወለሉ ብቻ ተነስቶ ሌላው እንዳለ ቢቀር የብድሩ ወለድ ይጨምራል። እኔ ግን መሀሉ ራሱ፣ ማለትም በቁጠባና በብድር ወለድ መካከል ያለው ልዩነት፣ መጥበብ ይችላል ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ላስረዳ። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ገደብ አወጣ፣ ታህሳስ 2017 ወደ 18 አነሳው። ዓላማው የዋጋ ንረቱን መግታት ነበር፣ ንረቱም እየቀነሰ መጥቷል፣ ይሄን አልክድም። ግን ብድር በኮታ ሲሆን በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ይበዛል። ባንኩ ለደንበኛ ብሎ ዋጋ መቀነስ አያስፈልገውም፣ ከሰልፉ ይመርጣል። የሚመርጠውም ትልቁንና የሚያውቀውን ነው። ትንሹ አምራች ወይ ፍላት የሚያስብ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል፣ ወይ አራጣ ውስጥ ይገባል። (በነገራችን ላይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋል አይችልም። በወር 10 የሚጠይቃችሁ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው።)

ሐምሌ 2016 ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ብሎ አወጀ፣ በዚያው ወር የብር ምንዛሪ ዋጋም በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ብዙ ሰው «15 ተባለ፣ የኔ ለምን 7 ሆነ?» ብሎ ጠይቆኛል። 15ቱ በብሔራዊ ባንክና በባንኮች መካከል ያለውን ግብይት የሚመራ ነው፣ ቁጠባ ደብተር ላይ በቀጥታ አይወርድም። የሚወርደው ባንኮች ለኛ ብር ሲሻሙ ነው። ትልቅ ገንዘብ ያለው ድርጅት ዛሬም በጊዜ ገደብ ሲያስቀምጥ ከ7 በላይ ተደራድሮ ያገኛል። ያ ድርድር እስከ አባባ ድረስ ቢደርስ፣ ተበዳሪም ከባንክ ባንክ አወዳድሮ መሄድ ቢችል፣ መሀሉ ከሁለቱም በኩል ይጠብ ነበር። እስከዚያው አባባ፣ በቅርብ የማይነኩት ገንዘብ ካለዎት ሦስት አራት ባንክ ዞረው የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ስንት እንደሚከፍሉ ይጠይቁ፣ አንዱ የሰጠዎትን ለሌላው ይንገሩ። ለአነስተኛ ገንዘብም አንዳንዱ ይጨምራል።

ዓለም ባንክ ሰፈር

እኔ ወለድ አልቀበልም፣ አልከፍልምም፣ በእምነቴ ምክንያት። ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት ለዓመታት ነበረ፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች ተከፍተዋል። በሙራባሃ ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በየወሩ በሚከፈል ይሸጥልሻል፣ ዋጋው በውሉ ቀን ተቆርጦ ይታወቃል። እምነትሽ ምንም ይሁን መጠየቅ ትችያለሽ። ግን እዚያም ጠቅላላ የምትከፍይውን ደምረሽ ከላይ ከተሠራልሽ የ90 ሺህ ሒሳብ ጋር አስተያዪው፣ «ወለድ የለውም» ስለተባለ ብቻ ርካሽ ነው ማለት አይደለም።

የቱሉ ዲምቷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍላቱን ሒሳብ ለባለቤቴ አሳየሁት፣ ራሱ በወረቀት ደግሞ ሠራውና ዝም አለ፣ ማይክሮ ፋይናንሱን ትተነዋል። ሰኞ የሊዙን ልንጠይቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ማሽኑ እስኪመጣ 400 ሺውን አንድ ባንክ ላይ መተው ይሻላል ወይስ መከፋፈል? እናቴ ባንክ ቢወድቅስ እያለች ትጨነቃለች።

ክሬዲት ክፍል የሠራ

የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ፈንድ የሚባል አለ። አንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ይሸፍናል። ዋስትናው የሚታሰበው በየባንኩ ስለሆነ አራት ባንክ ላይ መቶ መቶ ሺህ ብታስቀምጪ ሁሉም ይሸፈናል። በአንድ ባንክ አራት ደብተር ብትከፍቺ ግን እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው። ለእናትሽ ይሄን ንገሪያቸው። ለጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነ እኔ ብሆን በሁለት ባንክ ከፍዬ አስቀምጠው ነበር፣ አንዱን ብድር ልትጠይቂበት ባሰብሽው ባንክ፣ ምክንያቱም ማመልከቻሽን ሲያዩ የሒሳብ እንቅስቃሴሽን ያገላብጡታል። የብሎኬት ሽያጫችሁንም ከእጅ በእጅ ይልቅ በዚያ ሒሳብ አስገቡት፣ ከስድስት ወር በኋላ ስቴትመንቱ ራሱ ይናገርላችኋል።