የባህሪ ሳይንስን በራስ ፍጥነት መማር፦ ሲሠሩት ሁሉም ይመለሳል፣ ሳምንት ሲቆይ ግን የለም

የጓሳ ንፋስ (መሐል ሜዳ)

ሰላም ለቤቱ። አምስት መምህራን ሆነን የባህሪ ሳይንስን በስልክ እየተማርን ነው። ትምህርቱ አጭር ዓረፍተ ነገር እያሳየ ክፍት ቦታ ያስሞላል፣ ወዲያው መልሱን ያሳያል፣ ሁሉም በየፍጥነቱ ይሄዳል። ሦስት ነገር አስቸግሮናል። ሲሠሩት ሁሉም ይመለሳል፣ ሳምንት ቆይቶ ሲጠየቅ ግን ከአእምሮ ጠፍቷል። አሉታዊ ማጠናከሪያና ቅጣት ይምታታሉ። ደግሞም አንዱ ሰው ጨርሶ ሁለቱ ገና ምዕራፍ 2 ላይ ናቸው። መብራቱና ኔትወርኩ እንደምታውቁት ነው። ወደፊት ለተማሪዎቻችን በአማርኛ እንዲህ ያለ ትምህርት ማዘጋጀት ስለምንፈልግ፣ ጥያቄዎቹ እንዴት እንደሚጻፉ የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳን።

ጣርማ በር

መምህር፣ የመጀመሪያው ችግር ከስልኩ የመጣ ይመስለኛል። አሜሪካዊው የባህሪ ተመራማሪ ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1953 የልጁን የሂሳብ ክፍል ሲጎበኝ ሁለት ነገር ቅር አሰኘው፦ ተማሪው ሁሉ እኩል እንዲራመድ መገደዱ፣ መልሱ ልክ መሆን አለመሆኑንም ቆይቶ ማወቁ። የማስተማሪያ ማሽኑን ወደ መሥራት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በማሽኑ ላይ ተማሪው መልሱን በእጁ ይጽፋል፤ ትክክለኛው መልስ ሲገለጥ የጻፈው ውስጡ ከሚያሳይ ሽፋን ሥር ይገባል። አይቶ ማስተካከል የለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ከባልደረባው ከሆላንድ ጋር የባህሪ ትንተናን ራሱን በዚህ መልክ በመጽሐፍ ሲያወጡም መልሱን ለማየት ገጽ መግለጥ ግድ ነበር።

ስልክ ላይ ይህ አጥር ፈርሷል። ጣት ነካ ሲያደርግ መልሱ ይመጣል፣ አንባቢው «አዎ፣ ይኼን አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፋል። መልስ አይቶ መስማማት አንድ ባህሪ ነው፣ መልስ ማመንጨት ሌላ ባህሪ ነው። የተለማመዳችሁት የመጀመሪያውን ነው፤ ሳምንት ቆይቶ የተጠየቃችሁት ሁለተኛውን።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። የጥያቄውን ቁጥር ጻፉ፣ መልሱን ሙሉ ቃል አድርጋችሁ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ከዚያ ብቻ ግለጡ። እርሳስ አይሁን፣ ላጲስ ይፈትናል። የተሳሳተውን ሳትሰርዙ ቁጥሩን ክበቡት። ምዕራፉ ሲያልቅ የተከበቡትን ብቻ ድገሙ፤ በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀንና በ7ኛው ቀን ደግሞ ትምህርቱን ሳታዩ ከየምዕራፉ ዐሥር ያህል ጥያቄ መልሱ። ምዕራፉን መልሶ ማንበብ ይህን አይተካም። የማስታወስ ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ፈተናው ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲሆን ደጋግሞ ያነበበው ይበልጣል፣ ከሳምንት በኋላ ሲሆን ግን ራሱን የፈተነው በልጦ ይገኛል። የደጋሚ አንባቢው ልበ ሙሉነት የሚመጣው ከመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ነው።

ለመብራቱ፦ ኔትወርክ ሲኖር ጥያቄዎቹን ቀድታችሁ አሳትሙ። መልሶቹ በግራ ጠርዝ በየጥያቄው ትይዩ ይሁኑ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ሦስት ጣት የሚያህል ቁራጭ ይሸፍናቸው፣ ወደ ታች እየተሳበ አንድ አንድ ይገለጥ። ስልክ ላይ ከሆናችሁ አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ መልስ የሚያስጽፈውን የካርድ ዓይነት ምረጡ።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ጥፋቱ የትርጉሙ ነው። «አሉታዊ» በአማርኛ ጆሮ «መጥፎ» ነው፤ እዚህ ግን የሂሳብ ምልክት ነው፣ መቀነስ። ለተማሪ «በመደመር ማጠናከር» እና «በመቀነስ ማጠናከር» በሏቸው፣ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል። ማጠናከር ከተባለ ባህሪው ወደፊት ጨምሯል ማለት ነው። ቅጣት ከተባለ ቀንሷል።

ወይፈን ለእርሻ ሲቀና ተመልከቱ። ወይፈኑ ቆሟል፣ ጅራፍ ያርፍበታል፣ ሲራመድ ጅራፉ ይቆማል። በሚቀጥለው ቀን ቶሎ ይራመዳል፤ መራመዱ በመቀነስ ተጠናከረ። ያው ወይፈን ከትልሙ ሲወጣ ጅራፍ ቢያርፍበትና ከትልም መውጣቱ ቢቀንስ፣ ከትልም መውጣቱ ተቀጣ። ጅራፉ አንድ ነው፤ ስሙን የሚለውጠው የትኛውን ባህሪ ተከትሎ መጣ ወይም ቀረ፣ ባህሪውስ ምን ሆነ የሚለው ነው። ቆይቶ ደግሞ ጅራፉ ሳይነካው ድምፁን ሰምቶ ብቻ ይራመዳል። ያ መሸሽ መሆኑ ቀርቶ አስቀድሞ ማምለጥ ሆኗል፤ የሚቀጥለው ምዕራፋችሁ እሱ ነው።

የገራፊው ሐሳብ ከቁጥር አይገባም። መምህር የሚረብሸውን ተማሪ «ልቅጣው» ብሎ ከክፍል ያስወጣዋል። ረብሻው በሳምንቱ ከጨመረ ማስወጣቱ ቅጣት አልነበረም፤ ልጁ ከማይወደው ትምህርት ተገላገለ፣ ረብሻውም በመቀነስ ተጠናከረ።

እነዋሪ

ጣርማ በር ዋናውን ብለውታል። እኔ ስለ አጻጻፉ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ነው።

አንዷ ጥያቄ ፍሬም ትባላለች። ፍሬም ስትጽፉ መጀመሪያ መልሷን ጻፉ፣ ቀጥሎ «ይህን ለመመለስ ተማሪው የግድ ምን ማንበብ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሆላንድ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ አለው፦ ለመልሱ የማያስፈልገውን ቃል ሁሉ በጥቁር አጥፉና ለሰው ስጡ። ጽሑፉ አብዛኛው ጠፍቶም ሰው በትክክል ከመለሰ፣ የጠፋውን ተማሪው አያነብበውም፤ ስለዚህ አይማረውም።

አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው። ግሡ ጾታና ቁጥር ስለሚናገር መልሱን ያሳብቃል። «______ ተቀጣች» ካላችሁ መልሱ አንዲት ሴት መሆኗን ተናግራችኋል። ክፍት ቦታውን ከግሡ ራቅ አድርጉት፣ ወይም ምርጫዎቹ ሁሉ ከግሡ ጋር የሚስማሙ ይሁኑ።

ፍንጭ በመጀመሪያው ፍሬም ይብዛ፣ በየፍሬሙ ይቀንስ፣ በመጨረሻው አይኑር። ብዙ አዘጋጅ ፍንጩን መቀነስ ይረሳል፤ ተማሪው እስከ መጨረሻ በምርኩዝ ይሄድና ፈተና ላይ ይወድቃል። አሥር ፍሬም ስትጽፉ ሁለት ሦስቱ «ይህ አይደለም» የሚባሉ ምሳሌዎች ይሁኑ። ምሳሌ ብቻ ያየ ተማሪ ሁሉን ነገር ማጠናከሪያ ይለዋል።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ለአንድ ሰው አሠሩት፣ አጠገቡ ሁናችሁ የሚሰናከልበትን ቁጥር ያዙ። አስተካክሉ፣ ለሌላ ሰው ስጡ። ከመቶ ከ10 በላይ ስህተት የሚታይባትን ፍሬም ጻፏት እንደገና። ተማሪው ከተሳሳተ የሚታረመው ትምህርቱ ነው።

የጓሳ ንፋስ (መሐል ሜዳ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ሞክረናል፣ እዩልን፦

«ብርድ ሲሆን ጋቢ መደረብ ብርዱን ስለሚያስቀር አሉታዊ ማጠናከሪያ ነው። አሉታዊ ማጠናከሪያ ማለት የማይፈለግ ነገር ሲቀር ባህሪው የሚጨምርበት ነው። ስለዚህ ጋቢ መደረብ በ______ ማጠናከሪያ የጨመረ ባህሪ ነው።»

እነዋሪ

ምሳሌው ለእኛ አገር ጥሩ ነው፣ ፍሬሟ ግን ሁለት ችግር አለባት። መጨረሻውን ዓረፍተ ነገርና ከላይ «አሉታዊ» የሚለውን ቃል ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን አጥቁሩት፤ ተማሪው ያችን አንድ ቃል በዓይኑ ለቅሞ ይመልሳል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ጋቢ መደረብ ማጠናከሪያ አይደለም፣ ባህሪው እሱ ነው። ያጠናከረው የብርዱ መቅረት ነው። ተማሪው ይህን ስህተት ከናንተ ይዞት ይወጣል።

እንዲህ ብትከፋፍሉትስ፦

«ብርድ አለ። አባባ ጋቢ ደረቡ። ብርዱ ቀረላቸው። ጋቢ ከደረቡ በኋላ ብርዱ ተጨመረ ወይስ ተቀነሰ? ______»

«በማግስቱም ብርዱ ሲመጣ አባባ ፈጥነው ጋቢ ደረቡ። ጋቢ የመደረብ ባህሪ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ______»

«አንድ ነገር ተቀንሶ ባህሪ ከጨመረ፣ ባህሪው በመቀነስ ተጠናከረ እንላለን። እዚህ የተቀነሰው ______ ነው፤ የጨመረው ባህሪ ______ ነው።»

«ጭስ ቤቱን ሞላው። እማማ በሩን ከፈቱ፣ ጭሱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በጨሰ ቁጥር በሩን ይከፍታሉ። በር መክፈት በ______ ተጠናከረ።»

«ልጁ የጋለ ምጣድ ነካ፣ እጁን አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ አይነካም። ይህ ማጠናከር ነው? ______ ለምን? ______»

የመጨረሻዋን «ለምን» አትተዉአት። አንድ ቃል ብቻ የሚሞላ ሰው በግምትም ይደርሳል።

ቀወት

ሦስተኛውን ማንም አልነካውም። በራስ ፍጥነት ሲባል ዘገምተኛው እንዳይቸኮልበት ነው፤ ማዘግየትን ግን ይወልዳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኬለር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብራዚሊያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከጓዶቹ ጋር የጀመረው ሥርዓት ላይም ዋናው ችግር ይኸው ነበር። ሥርዓቱ ትምህርቱን በትናንሽ ክፍል ይከፍለዋል፣ አንዱን ክፍል በሚገባ ያላለፈ ወደ ቀጣዩ አይሄድም፣ የወደቀ ሳይቀነስበት በሌላ ፈተና ይደግማል፣ ክፍሉን ቀድሞ ያለፈ ተማሪ ደግሞ ፈታኝ ይሆናል።

ጨርሷል ያላችሁት ሰው ፈታኝ ይሁን። ለየምዕራፉ ሦስት የተለያዩ አጫጭር ፈተናዎች አዘጋጁ፣ እያንዳንዱ 10 ጥያቄ፣ ማለፊያው 9። ፈታኙ አጠገብ ሆኖ ወዲያው ያርም፣ ተፈታኙ ለምን እንደዚያ እንደመለሰ ይጠይቀው፤ ጥያቄው ግራ አጋቢ ከነበረ ነጥቡን ይስጠው። በሳምንት ቢያንስ አንድ ፈተና የመውሰጃ ቀን ይቆረጥ። በወር ውስጥ ጨርሱ ብሎ አንድ ቀነ ገደብ ብቻ መስጠት ሁሉንም በመጨረሻው ሳምንት ያጨናንቃል። የባህሪ ሳይንስ ተማሪ ይህን ግራፍ ከማጠናከሪያ መርሐ ግብር (ማጠናከሪያው መቼ እንደሚመጣ ከሚወስነው ደንብ) ምዕራፍ ያውቀዋል፤ ቋሚ ጊዜ ላይ ከመጨረሻው በፊት ሽቅብ የሚታጠፈው መስመር ነው፣ ምንም እንኳ ነገሩ አንድ ለአንድ ባይገጥምም።

ጣርማ በር

ቀወት መርሐ ግብሮቹን ካነሱ አይቀር አንድ ማረሚያ። የወር ደመወዝን የቋሚ ጊዜ ምሳሌ አድርገው የሚጽፉ ብዙ ትምህርቶች አሉ፤ ስህተት ነው። በቋሚ ጊዜ መርሐ ግብር የተወሰነው ጊዜ ካለፈ በኋላ የተደረገው የመጀመሪያው ምላሽ ነው የሚጠናከረው። ደመወዝ በ30ኛው ቀን የሚመጣው አንድ ነጠላ ምላሽን ተከትሎ አይደለም። ለምሳሌነት ድፎ ዳቦ በስሎ እንደሆነ ክዳን ከፍቶ ማየት ይሻላል፦ መጀመሪያ ማንም አይከፍትም፣ ሰዓቱ ሲቃረብ ደጋግሞ ይከፍታል። በተሠራው ብዛት የሚከፈል ሥራ ቋሚ ቁጥር ነው፤ ማጠናከሪያው የሚመጣው ከተወሰነ የምላሽ ብዛት በኋላ ነው። ብዛቱ ወይም ጊዜው በየጊዜው ሲለያይ «ተለዋዋጭ» ይባላል። ኔትወርክ መጣ አልመጣ ብሎ ስልክ መነካካትን ብዙዎች ተለዋዋጭ ቁጥር ይሉታል፤ ተለዋዋጭ ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም አብዝተው ቢነካኩት ኔትወርኩ አይፈጥንም። ቁማር ግን ተለዋዋጭ ቁጥር ነው። ይህችን ልዩነት ፍሬም አድርጋችሁ ስትጽፉ ኔትወርኩንና ቁማሩን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ «አብዝቶ ማድረግ ውጤቱን ያፈጥነዋል?» የሚለውን ክፍት ቦታ አድርጉት።