ከማንቸስተር ኢዴል በባቡር ውሎ መመለስ፦ ትኬቱና መንገዱ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ከፒካዲሊ ጣቢያ ተነስተን ፒክ ዲስትሪክት ውስጥ ያለችው ኢዴል መንደር ውለን ልንመለስ ነው። መኪና የለንም። የት ድረስ ትኬት ልቁረጥ? እዚያ ያለውን ማም ቶር የሚባል ኮረብታ መውጣትስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ጾም ላይ ስለሆነች ምሳውም አሳስቦኛል።

ሀዲዱ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባቡሩን ለይ። ወደ ሼፊልድ የሚበሩት ፈጣኖቹ ኢዴል ሳይቆሙ ያልፋሉ፤ የሚቆመው ኖርዘርን የሚባለው ኩባንያ ባቡር ነው፣ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሰሌዳው ላይ ከዋናው መድረሻ ሥር የሚዘረዘሩትን ጣቢያዎች አንብብ። ከቺንሊ ቀጥሎ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የካውበርን ዋሻ አለ፤ ከዋሻው ስትወጡ ዕቃችሁን ሰብስቡ፣ የሚቀጥለው ኢዴል ነው።

ማም ቶር (517 ሜትር) ወጥታችሁ ሸንተረሩን ይዛችሁ በሎዝ ሂል ኮረብታ በኩል ሆፕ መንደር ከወረዳችሁ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 4 ሰዓት ተኩል ያዙለት። እንዲህ ከሆነ ትኬቱን ሆፕ ድረስ ደርሶ መልስ ቁረጥ። ሆፕ ከኢዴል ቀጥሎ ያለ ጣቢያ ስለሆነ፣ ኦፍ ፒክ (ከመጨናነቂያ ሰዓት ውጭ የሚሠራ) ትኬት ልዩ ገደብ ከሌለበት ኢዴል ቀድመህ መውረድ ትችላለህ። የኢዴል ትኬት ይዘህ ከሆፕ ብትሳፈር ግን ትርፍ ያስከፍሉሃል። አድቫንስ የሚባለውን ደግሞ አትግዛ፤ ከአንድ ባቡር ጋር ያስርሃል፣ መንገድ ላይ መውረድም አይፈቅድም። ሆፕ ጣቢያ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ስለሆነ ለዚያ 20 ደቂቃ ጨምሩ።

እማማ_ጉዞ፦ በጉልበት ሕመም ሸንተረሩ አይሆንም። ወደ ሎዝ ሂል ሲኬድ ባክ ቶር ላይ ያለው ዳገት ገደል ቀረሽ ነው፣ ሲዘንብማ ያንሸራትታል። እናታችን ከኦልድ ናግስ ሄድ መጠጥ ቤት ፊት ለፊት የሚጀምረውን ፔናይን ዌይ የተባለ የእግረኛ መንገድ ይዘው ወደ አፐር ቡዝ ቢሄዱ ይሻላል። የበግ ግጦሽ መሀል ነው፣ ብዙ ቦታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ በደከማቸው ጊዜ መመለስ ይችላሉ። በሩን ሁሉ እንዳገኛችሁት ተዉት፤ ተዘግቶ ካገኛችሁት መልሳችሁ ዝጉ፣ አለዚያ በጎቹ ይወጣሉ። ለዚህ የኢዴል ደርሶ መልስ ይበቃል። 60 ዓመት ያለፈው ሰው ሲኒየር ሬይልካርድ ማውጣት ይችላል፤ በዓመት 35 ፓውንድ ነው፣ ከትኬቱ አንድ ሦስተኛ ያስቀንሳል። ለአንድ ጉዞ ብቻ አያዋጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ከተጓዙ ግን ያዋጣል።

ስንቅ፦ ስለ ምሳው፦ “ቬጂቴሪያን” የሚለውን አትመኑ፤ ቅቤና አይብ ይገባበታል። “ቪጋን” የሚለውን ፈልጉ። ድንች ጥብሱንም በምን ዘይት እንደሚጠበስ ጠይቁ፤ በዚያ አካባቢ በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። ከምሳ ሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱን የሚዘጉም ስላሉ፣ ሽሮ ፍትፍት በሳህን ይዛችሁ ብትሄዱ ከሁሉ ይሻላል። ትኬቱን ስልክ ላይ ከቤት አውርዱት፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ደካማ ነው። ዓርብ ማታ የናሽናል ሬይልን መተግበሪያ ደግማችሁ እዩ፤ ቅዳሜና እሑድ ሀዲድ ሲጠገን በባቡሩ ምትክ አውቶቡስ ይመደባል፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ጉዞው በጣም ይረዝማል።