ከባድ ሞተር ሲዞር ወደቀብን፦ እንዴት ይነሣል? ምኑስ ይታያል?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ያማሃ ቴኔሬ 700 የሚባል ትልቅ ሞተር ገዝቷል። እስከ ቅርብ ጊዜ የሚነዳው ቀለል ያለውን ሞተር፣ ቦክሰርን ነበር። እሁድ ከሰዓት ዓሣ ልንበላ ወደ ሐይቁ ዳር ወጣን። እኔ ቀድሜ ወርጃለሁ፤ እሱ ኮብልስቶኑ ላይ አዙሮ ሊያቆም ነበር። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ አይበልጥም። መሪውን እንዳጠፈ የፊት ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩም ቀስ ብሎ በቀኝ በኩል ተኛ። እሱ ፈንጠር ብሎ ወጣ። ተመስገን፣ ምንም አልሆነም።

አጠገባችን የነበሩ የባጃጅ ልጆች ሳቁ። እሱም ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተረባርበው አነሡልን፤ ይባረኩ። ግን አንዱ ስፖኪዮውን፣ አንዱ ፍሬቻውን ይዞ ሲጎትት ልቤ አልረጋም። ደግሞ ለማስነሣት ሲሞክር ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም። የተነሣው ቆይቶ ነው።

ሰው በሌለበት ቦታ ቢወድቅ ሁለታችን ብቻ እንዴት እናነሣዋለን? ከተነሣ በኋላ ምኑን እንይ? ለምንስ አልነሣም አለ? ባለቤቴ «ትልቅ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ጥሎት ያውቃል፤ ስቀሽ እለፊው» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ 1 (የረጅም መንገድ ነጂ)

እህቴ፣ እንኳን አተረፈው። ባለቤትሽ ያለው እውነት ነው። ትልቅ ሞተር የሚወድቀው በአብዛኛው ሲበር አይደለም፤ ሲቆም፣ ሲዞር ወይም በእግር ሲገፋ ነው። ቴኔሬ 700 ቤንዚኑና ዘይቱ ተሞልቶ 204 ኪሎ ነው። ቦክሰር 150 ከ120 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ከዚያ ወደዚህ የመጣ ሰው በድሮው ልማድ እግሩን ዘርግቶ ሊይዘው ይሞክራል። ይኼ ግን አንዴ ካጋደለ በእግር አይያዝም። መልቀቅና መራቅ ነው። ባለቤትሽ ፈንጠር ማለቱ እግሩን አትርፎለታል።

ሳቁን እኔ በጣም እደግፋለሁ። ምክንያቴን ልንገርሽ። ሰው ፊት ሲወድቅበት የሚያፍር ሰው ይቸኩላል። ወገቡን አጉብጦ ብቻውን ብድግ ሊያደርገው ይታገላል፤ ከዚያ ምኑንም ሳያይ አስነሥቶ ይሄዳል። የሚጎዳው ያኔ ነው። የሳቀ ሰው ቆም ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ዙሪያውን ያያል። ስለዚህ ይሳቅ። መጀመሪያ ግን ሞተሩን ያጥፋ፣ የቤንዚን ሽታ መኖሩን ያሽት፣ ከኋላ መኪና እንዳይመጣ ያስጠብቅ። በአካባቢው ሲጋራ የሚያጨስ ካለም ራቅ ይበልለት።

አሁን ወደ ማንሣቱ። በቀኝ ሲተኛ ዕድለኛ ናችሁ፤ የጎን ማቆሚያው በግራ ስለሆነ ወደ ላይ ይሆንላችኋል። ከማንሣታችሁ በፊት ዘርጉት። አለበለዚያ ያነሣችሁት ሞተር ወደ ግራ ተገልብጦ ይሄዳል። ቀጥሎ ጎማው እንዳይንከባለል 1ኛ ማርሽ ውስጥ አስገቡ። እምቢ ካለ የኋላ ጎማውን በእጅ ትንሽ እያዞራችሁ ሞክሩ። ፎሌ (ያለ ማርሽ) ላይ እንዳለ ከተነሣ ይሸሻችኋል።

ለሁለት ሰው እንዲህ ነው። መሪውን ወደ ወደቀበት ጎን እስከ መጨረሻው አጥፉት። አንዳችሁ የታችኛውን የመሪ እጀታ፣ ሌላኛችሁ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን መያዣ ብረት ያዙ። ጉልበት ታጥፎ፣ ወገብ ቀጥ ብሎ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ተባብላችሁ በእግራችሁ ግፉ። ክንድ ለመያዣ ብቻ ነው፤ የሚያነሣው ጭን ነው።

ብቻውን ለሆነ ሰው ደግሞ ጀርባን ሰጥቶ ማንሣት አለ። መሪው እንደተባለው ይታጠፋል። ዳሌውን የመቀመጫው ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ በአንድ እጁ የመሪውን እጀታ፣ በሌላው ከኋላ ጠንካራ ብረት ይይዛል። ከዚያ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየሄደ ይገፋል። ግማሽ እስኪደርስ ከባድ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀለለ ይመጣል። እዚያ ላይ ነው መጠንቀቅ፤ ወደ ማቆሚያው ቀስ ብሎ ነው የሚለቀቀው።

መልስ 2 (ከላይ ላለው)

ወንድሜ፣ ጥሩ ብለሃል። ግን ጀርባ ሰጥቶ ማንሣቱ ለደረቅ አስፋልት ነው። በክረምት፣ ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ወይም ጠጠር ላይ፣ እግር ይንሸራተታል፤ ሰውየውም ሞተሩም አብረው ይወድቃሉ። እዚያ ብቻ ከሆኑ ሰው መጠበቅ ነው የሚሻለው። በእኛ አገር ደግሞ ሰው አይጠፋም። ከጠፋም መጀመሪያ ሻንጣውን አውርዱ። 16 ሊትር ሙሉ ቤንዚን ብቻውን 12 ኪሎ ያህል ነው፤ ያውም ከላይ የተቀመጠ ክብደት። ዕቃ ሲጨመርበት አስቡት።

ሊረዱ የሚሮጡትን ልጆች ደግሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። ልባቸው ደግ ነው፤ ግን ያገኙትን ነው የሚይዙት። «አንተ መሪውን፣ አንተ የኋላውን ብረት፣ አንተ ከወዲያ ሆነህ እንዳይገለበጥ ደግፍ፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ያቃጥላል፣ እንዳትነካ» ብሎ ቦታ መስጠት ነው። ማንም አይቀየምም።

መልስ 3 (መካኒክ)

አልነሣም ያለበትን ምክንያት እኔ ልመልስ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ያማሃው ውስጥ ማጋደልን የሚያውቅ ሴንሰር አለ። ሞተሩ ሲወድቅ ቤንዚን እንዳይረጭ ብሎ ያጠፋዋል። ከተነሣ በኋላ ቁልፉን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እንደገና መክፈት ግድ ነው። ያ ካልተደረገ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም፤ ባትሪም በከንቱ ያልቃል። በእናንተ በኩል ቆይቶ የተነሣው አንዱ ቁልፉን ዘግቶ ስለከፈተው ሳይሆን አይቀርም። ሌላም አለ፤ የጎን ማቆሚያው ተዘርግቶ ማርሽ ውስጥ ከሆነ አይነሣም። ይኼ ብዙ ሰው ጋራዥ ድረስ አስገፍቶ ያመጣዋል።

ባለካርቡራቶር ሞተር ላላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ሲተኛ ቤንዚን ይፈስሳል፣ ካንዴላውንም ያረጥባል። የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ፣ አንሡት፣ ጥቂት ደቂቃ ስጡት። ከዚያ ነዳጅ የሚሰጠውን እጀታ እስከ መጨረሻ አዙራችሁ አስነሡ።

ምኑ ይታይ ላልሽው፦ በቀኝ ስለወደቀ ከሁሉ በፊት ፍሬን። በቀኝ በኩል ሁለቱም ፍሬኖች አሉ፤ የእጁም የእግሩም። የእጁን ያዢው፤ በደንብ ይጠነክራል ወይስ እጅሽ ውስጥ ይገባል? ከሥሩ ተሰንጥቆ እንደሆነ በጣት ዳብሺው። የእግሩ ፔዳል ወደ ውስጥ ታጥፎ ሞተሩን ነክቶ እንደሆነ እይ፤ ከነካ አይረገጥም፣ ወይም ተይዞ ይቀራል። ነዳጅ የሚሰጠው እጀታ ሲለቀቅ ራሱ መመለሱን እይ፤ የመሪው ጫፍ ተገፍቶ ከእጀታው ላስቲክ ጋር ከተጣበቀ ነዳጅ እንደሰጠ ይቀራል፤ ይኼ አደገኛ ነው። ከዚያ በቀኝ ያለው የፍሪሲዮን ክዳን አካባቢ ዘይት አለ ወይ? አንድ ጠብታም ብትሆን አትናቅ። መጨረሻ ላይ መሪው ከፊት ጎማ ጋር ቀጥ ማለቱን እዩ።

ስፖኪዮና ፍሬቻ ቢሰበር ይቆያል። ፍሬንና ዘይት አይቆዩም።

መልስ 4 (ነርስ)

ስለ ብረቱ ተባለ፤ ስለ ሰውየው ልጨምር። ሲወድቅ «ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ሙቀቱ ሳይበርድ ሕመሙን አይሰማውም። ቁጭ ብሎ ውኃ ይጠጣ። ቁርጭምጭሚቱን እዩለት። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ መነሣት አለበት።

እግር ሥሩ ከተያዘ ሰውየውን አትጎትቱ፤ ሞተሩን አንሡለት። ማርሚታ ካቃጠለው ደግሞ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። እባካችሁ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ብዙ ሰው ቀብቶ ይመጣል፤ እኛ ቁስሉን ለማጠብ ዳግመኛ እናሳምመዋለን። ውኃ የቋጠረ እንደሆነ አታፍርጡት፤ ሰፊ ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

መልስ 5 (ሞተር መንዳት የሚያስተምር)

ለምን ወደቀ የሚለው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ዋናው እሱ ነው። ግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በ50 መሻገር ለማንም ቀላል ነው። ፍጥነት ሲኖር ሞተሩ ራሱን ያቀናል። ፈተናው ከድልድዩ ወርዶ ጠባብ ቦታ ላይ መዞር ነው። በእርምጃ ፍጥነት ሚዛኑን የሚጠብቅለት ነጂው ብቻ ነው።

እኛ የባሕር ዳር ልጆች ብስክሌት ላይ ነው ያደግነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሁሉም ይነዳል። ያ ጥሩ መሠረት ነው፤ አንድ ነገር ግን መተው አለበት። ብስክሌት ላይ መሪ አጥፎ ፍሬን ይዞ እግር መጣል ይቻላል። በ204 ኪሎ አይቻልም። መሪው ታጥፎ የፊት ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ በሙሉ ወደታጠፈው ጎን ይሄዳል። ባለቤትሽ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

እኔ ለተማሪዎቼ የምላቸው፦ በዝግታ ስትዞሩ የፊት ፍሬኑን እርሱት። ጣታችሁን ከላዩ አንሡ። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዛችሁ፣ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ፣ ፍጥነቱን በእግር ፍሬን ብቻ ያዙ። ሞተሩ እየጎተተ ፍሬኑ ሲይዘው ቀጥ ይላል። ዓይን ደግሞ መሬት አይይ። መሬት ያየ መሬት ይሄዳል። ልትወጡበት ወዳሰባችሁት ቦታ ጭንቅላት ዞሮ ይይ። ልትቆሙ ስትሉ መጀመሪያ መሪው ይቅና፣ ከዚያ ይቆማል። ይህችን አንዷን ብቻ የያዘ ሰው ከአብዛኛው ውድቀት ይድናል።

ቦታ መምረጥም አለ። መንገድ ዳር ወደ ቦይ ያጋደለ ቦታ ላይ ስትቆሙ በዝቅተኛው በኩል እግር አይደርስም። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ዳገቱን ስትወጡ መሐል ላይ ዞሮ መመለስ አያስፈልግም፤ እስከ ላይ ወጥቶ ሜዳው ላይ መዞር ነው። አፍንጫውን ወደ ቁልቁል አድርጎ ማቆምም ጣጣ ነው፤ ወደ ኋላ መግፋቱ ወገብ ይቆርጣል። መዞር ካስጨነቀ ደግሞ መውረድና በግራ በኩል ሆኖ መግፋት ነውር የለውም።

ልምምዱን ጠዋት በደረቅ ባዶ ሜዳ ያድርግ። ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ በመካከላቸው ስምንት ቁጥር ይሥራ፤ መጀመሪያ በሰፊው፣ እየቆየ በጠባቡ።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁም ተባረኩ። መካኒኩ እንዳሉት ቁልፉን ዘግተን ስንከፍት ወዲያው ይነሣል። ሁሉንም አየነው፤ ዘይት የለም። የፊት ፍሬኑ እጀታ ግን ጫፉ ታጥፏል። ባለቤቴ በመዶሻ ላቅናው ይላል። በያጅ ዘንድ ወስዶ የመከላከያ ብረት ሊያሠራም አስቧል። ደግሞ እኔም መንዳት እፈልጋለሁ፤ ቁመቴ አጭር ነው። ይሆናል?

መልስ 3 (መካኒክ)

እጀታውን አታቃኑት። አሉሚኒየም ነው፤ ቀዝቃዛውን ሲመታ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጃል፣ አንድ ቀን በጠንካራ ፍሬን ላይ ይሰበራል። ጫፉ ብቻ ከታጠፈ አዲስ እስክታገኙ በዚያው ይነዳ። አዲሱን ስታስገቡ መሪው ላይ የሚያስረውን ቡሎን ከልክ በላይ አታጥብቁት። በእጅ ጠንከር ተደርጎ ሲገፋ መዞር አለበት። ያኔ ቢወድቅ ይዞራል እንጂ አይሰበርም። አንድ ትርፍ እጀታም መቀመጫው ሥር ይኑር።

ለመከላከያው ብረት በያጅ ይችላል፤ ሁለት ነገር ግን ንገሩት። ሻሲው ላይ እንዳይበየድ፤ ሞተሩ በሚታሰርባቸው ቡሎኖች ይታሰር፣ በሁለቱም ጎን ከአንድ በላይ ቦታ። ሞተሩ ላይ ምንም ብየዳ ከመነካቱ በፊት ደግሞ ባትሪው ይፈታ፤ ያለዚያ የኤሌክትሪክ ክፍሉን ያቃጥለዋል።

መልስ 6 (ሴት ነጂ)

አይዞሽ እህቴ፣ ይሆናል። የቴኔሬ መቀመጫ 87.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለብዙ ወንድም ይረዝማል። እኔም አጭር ነኝ፤ ከዚህ ባልተናነሰ ከፍታ ላይ እነዳለሁ። ሁለት እግር መድረስ የለበትም። ስትቆሚ ዳሌሽን ወደ ግራ ሸርተት አድርጊ፤ ግራ እግርሽ ሙሉ በሙሉ ይርገጥ፣ ቀኝሽ የእግር ፍሬኑ ላይ ይቅር። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ብዙ ያግዛል። ዝቅ ያለ መቀመጫም ተሠርቶለታል። የኋላውን አሞርዛተር ማላላትም ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፤ እሱን ግን መካኒክ ያሳይሽ።

መጀመሪያ ግን በባለቤትሽ ቦክሰር ፍሪሲዮኑን ተለማመጂ፣ ካልሸጠው። ትልቁ ላይ ስትወጪ ሞተሩ ጠፍቶ፣ እሱ ከቀኝ ደግፎሽ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት እያጋደልሽ የቱ ጋ እንደሚከብድ በሰውነትሽ እወቂው። ማንሣቱንም አብራችሁ ተለማመዱት። ወፍራም ፍራሽ አንጥፉና ቀስ ብላችሁ አስተኙት፤ ቤንዚኑ ያነሰ ቀን ቢሆን ይመረጣል። የፊት ፍሬኑን በካላማዳሪ ቁራጭ ከእጀታው ጋር እሰሩት፤ ሲነሣ ጎማው አይንከባለልም። ይህን ላስቲክ ሁልጊዜ መሪው ላይ ጠምጥማችሁ ያዙት። ዳገት ላይ ስታቆሙም ያገለግላችኋል።