«ገለባ በሌለበት ጭቃ መምረግ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ

የቋንቋ ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 13ን በነባሩ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብ፣ ሐሰተኞቹ ነቢያት ቅጥሩን «ገለባ በሌለበት ጭቃ» እንደሚመርጉት ይናገራል። አዳዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉሞችን ሳመሳክር ግን ጭቃም ገለባም አላገኘሁም፤ የሚሉት ነጭ ቅብ ወይም ኖራ ነው። ከተማ ተወልጄ ብሎኬት ቤት ውስጥ ያደግሁ ሴት ነኝና ገለባው ለምን እንደሚያስፈልግ እንኳ የሚነግረኝ እፈልጋለሁ። ለመሆኑ አነጋገሩ ፈሊጥ ነው? ወደ ነቢዩ ሐሳብ የሚቀርበውስ የትኛው ነው?

መልስ

እኅቴ፣ ከጭቃው ልጀምርልሽ። በማገር በተዋቀረ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ጭቃ አፈርና ውኃ ብቻ አይደለም። አፈሩ ተቆፍሮ ውኃ ከጠጣ በኋላ የጤፍ ጭድ፣ ማለትም ገለባው፣ ይነሰነስበትና በእግር ይረገጣል። ከዚያ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል፤ ውኃ ተጨምሮበት እንደገና ይረገጣል። በደንብ የቦካ ጭቃ በጠረኑ ይታወቃል፤ ግድግዳው ላይ ሲመቱት ይዞ ይቀራል። ጭዱ በውስጡ እንደ ጅማት ሆኖ ያያይዘዋል። ጭድ የሌለበት ጭቃ እርጥብ ሳለ ከሌላው አይለይም፤ እንዲያውም ለዓይን የለሰለሰው እርሱ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሲደርቅ ነው። ይሰነጣጠቃል፣ ከማገሩ ይላቀቃል፣ ክረምት ሲገባም ዝናቡ እየገመሰ ያወርደዋል።

ነቢዩ በቁጥር 11 ላይ ወዲያው ዶፍ ዝናብ፣ የበረዶ ድንጋይና ዐውሎ ነፋስ የሚጠራው ለዚህ ነው። ቅጥሩ ሲወድቅ ሕዝቡ የሚጠይቀው ጥያቄም ይመጣል፤ የመረጋችሁት ምርጊት ወዴት አለ? በቁጥር 14 ደግሞ መሠረቱ ሳይቀር ይገለጣል። የሕዝቅኤል ሰዎች ቤት እንደ እኛ የማገር ቤት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ጭቃ የመረገ ሰው ግን ማብራሪያ ሳያስፈልገው የሚረዳው ቃል ነው።

እኔ ከገለባው ይልቅ የምጨነቀው «መረገ» ለሚለው ግሥ ነው። መምረግ ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ የጠላ ጋን አፍም ይመረጋል። ክፍተትን መድፈንና ማሸግ በግሡ ውስጥ አለ። አሁን የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ልብ ብለሽ እዪ። ቅጥሩን የሚሠራው ሌላ ነው፣ የሚመርገው ሌላ። በዕብራይስጡ በቁጥር 10 ላይ ለቅጥሩ የገባው «ሐይጽ» የሚል ቃል ሲሆን እንዲያው የተካበ ደካማ ግንብን ያመለክታል ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቁጥሮች የሚመጣው የተለመደው የግድግዳ ስም «ቂር» ነው። እንግዲህ ነቢያቱ የተከሰሱት ግንቡን በመሥራት አይደለም፤ ሌላው ያቆመውን ደካማ ግንብ ጠንካራ አስመስለው በማሳየት ነው።

ግንበኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ምዕራፍ 22 እንሂድ። ቁጥር 27 የኢየሩሳሌምን አለቆች ንጥቂያን እንደሚነጥቁ ተኵላዎች ያደርጋቸዋል፤ ደም ያፈስሳሉ፣ ያለ አግባብ ትርፍ ለማግኘት ነፍስ ያጠፋሉ። ቁጥር 28 ያንኑ የጭቃ አነጋገር ይዞ ይከተላል፤ ነቢያቶችዋ እግዚአብሔር ሳይናገር «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» እያሉ ይመርጉላቸዋል። ሁለቱ ቁጥሮች መለያየት የለባቸውም። ብዙ ሰባኪዎች የምዕራፍ 13ን ምርጊት ብቻውን ያነሡና ስለ ሐሰት ትምህርት ይናገሩበታል፤ የምዕራፍ 22ን ተኵላ ግን አይነኩትም። ያለ ተኵላው ምርጊቱ ለማን እንደተመረገ አይታወቅም፤ ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ለእኔ ከባድ ነው።

በዘመኑ ምርጊቱ ምን ዓይነት ቃል እንደነበረ ኤርምያስ 28 ላይ አለ። በንጉሡ በሴዴቅያስ 4ኛ ዓመት የገባዖን ሰው ሐናንያ በቤተ መቅደስ፣ በካህናትና በሕዝብ ፊት ቆሞ የባቢሎን ቀንበር እንደተሰበረ፣ የተወሰደውም ዕቃ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለስ ተናገረ። ከኤርምያስ አንገት ላይ የእንጨቱን ቀንበር አንሥቶ ሰበረው። በዚያው ዓመት በ7ኛው ወር ሞተ፤ ከተማይቱ ደግሞ በሴዴቅያስ 11ኛ ዓመት ተጣሰች። ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ ከምርኮኞች ጋር ሆኖ የሚቃወመው ይህን የመሰለ «ሰላም ነው» ባይነት ነበር።

አስተያየት

ወንድሜ፣ የጭቃው ገለጻ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የጠየቀችውን ዘለልከው። በዕብራይስጡ ገለባ የሚል ቃል የለም። ያለው «ታፌል» ነው። ኖራ ያሉት ተርጓሚዎች ስለ መልክ ነው ያሰቡት፤ ይህም በአዲስ ኪዳን ደጋፊ አለው። በማቴዎስ 23፥27 ጻፎችና ፈሪሳውያን በኖራ የተለሰኑ መቃብሮችን ይመስላሉ ተብሏል። ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 23፥3 ሊቀ ካህናቱን ሐናንያን በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ብሎታል። በሕግ ልትፈርድብኝ ተቀምጠህ ያለ ሕግ እንድመታ ታዛለህን ማለቱ ነው። ሥልጣን ያለውን ሰው በግድግዳ መመሰል ከሕዝቅኤል የተወረሰ ይመስለኛል።

መልስ

እውነትዎን ነው፣ ገለባው በዕብራይስጡ የለም። «ታፌል» በኢዮብ 6፥6 ያለ ጨው የማይበላውን ጣዕም የለሽ ነገር ይገልጻል። በሰቆቃወ ኤርምያስ 2፥14 ደግሞ የኢየሩሳሌም ነቢያት ያዩላትን ከንቱ ራእይ የሚጠራበት ቃል ነው። ስለዚህ ነገሩ የሚይዘው ነገር የጎደለበት፣ ለዛ ቢስ ልጥፍ ነው። የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ደግሞ «ይወድቃል» የሚል ቃል አስገብቷል፤ በዕብራይስጡ «ታፌል» እና የመውደቅ ግሥ «ናፋል» በድምፅ ስለሚቀራረቡ ይመስላል፣ ነቢዩም ሆነ ብሎ ሳያጋጥማቸው አልቀረም። ቅዱስ ጀሮም በላቲን ሲተረጉም ግን ልክ እንደ አማርኛችን «ገለባ የሌለበት ጭቃ» አለ። ስለዚህ የእኛው ንባብ ብቻውን የቆመ አይደለም።

በኖራው ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ልስን እና ምርጊት በአማርኛ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ልስን የተመረገው ላይ ለማሳመር የሚወጣ ነው፤ ልስኑ ቢረግፍ ቤቱ አይፈርስም። ጳውሎስ ስለ ግብዝነት ሲናገር ልስን ይበቃዋል። ሕዝቅኤል ግን የሚናገረው ሰዎች ተማምነው ስለተጠለሉበት ግንብ ነው፤ ሲወድቅ በመካከሉ ያሉት አብረው ይጠፋሉ ይላል። እዚህ ላይ ምርጊት የሚለው ቃል ከኖራ ይበልጣል።

ሌላ ጥያቄ

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ኤርምያስ 23፥28 ስለ ሐሰተኞቹ ሕልመኞች ሲናገር «ገለባ ከስንዴ ጋር ምን አለው?» ይላል። እዚያ ገለባ የውሸቱ ስም ነው። እዚህ ደግሞ ጥፋቱ ገለባ መታጣቱ ሆነ። እንዴት ይታረቃል?

መልስ

በጣም የሚያስደስት ጥያቄ ነው። በኤርምያስ ያለው የዕብራይስጥ ቃል «ቴቤን» ነው፣ ገለባው በትክክል እዚያ አለ፤ በሕዝቅኤል ግን ተርጓሚዎች ለማብራራት ያስገቡት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ነቢያት አልተጋጩም። ከዚህ ባሻገር ገለባ በአውድማና በጭቃ ጉድጓድ አንድ ዓይነት ዋጋ የለውም፤ ለመብል የማይረባው ለግድግዳ አስፈላጊ ነው። በዘጸአት 5 ፈርዖን ለጡብ የሚሆነውን ገለባ ከልክሎ የጡቡን ቍጥር ግን አልቀንስም ማለቱን ያስታውሷል።

ጥያቄ (ከመጀመሪያዋ ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያስ ዛሬ በአማርኛ ስንጽፍ «ገለባ በሌለበት ጭቃ የሚመርግ» ለማለት «ሆድ አደር» ወይም «አድርባይ» ብንል አይበቃም?

መልስ

ሦስቱን ብንለያቸው ይሻላል። ሆድ አደር የሚሸጠው ለመብል ነው፤ ሚክያስ 3፥5 ላይ ያሉት ነቢያት ትክክለኛ ስማቸው ይህ ነው። ለሚያጐርሳቸው ሰላም ይላሉ፣ በአፋቸው ምንም ላላደረገላቸው ጦርነት ያውጁበታል። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 11 አለቆች በጉቦ ይፈርዳሉ፣ ካህናት በዋጋ ያስተምራሉ፣ ነቢያት በገንዘብ ያምዋርታሉ። አድርባይ ደግሞ ነፋሱን አይቶ የሚዞር ነው፤ ዛሬ የመረገውን ነገ ባለጊዜው ሲለወጥ ራሱ ሊያፈርሰው ይችላል።

ሕዝቅኤል 13፥6 ግን ከሁለቱም የከበደ ነገር ይናገራል። እግዚአብሔር ያልላካቸው እነዚህ ሰዎች ቃላቸው እንዲፈጸም ተስፋ ያደርጋሉ ይላል። ይህ ማለት መራጊው የራሱን ምርጊት ሊያምነው ይችላል። ጉቦ ላይበላ ይችላል፤ ባለሥልጣኑ ሲወርድም አብሮ ሊወርድ ይችላል። ሆድ አደር ብለን ብንጠራው ምንም እንዳልወሰደ ምሎ ያመልጠናል፣ መሐላውም እውነት ይሆናል። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ቁጥር 5 እንደሚለው ወደ ፈረሰው በኩል አልወጣም፣ ቅጥሩንም አልጠገነም። ስንጥቁን አይቶ ጭቃ ለጠፈበት። ለዚህ ዓይነቱ ሰው አማርኛችን ከ«መራጊ» የተሻለ ስም ያለው አይመስለኝም፤ ብንጠቀምበት ደስ ይለኛል።